መኪና የተሸከመ በረዶ ሰው ለምን አቃተው? ጅማ ላይ የተመረመረ የሐይቅ በረዶ ጉዳይ

"ልጄ ዋሽቶኛል" አሉኝ፣ ገና በሩን አልፈው ሳይገቡ።

ጎረቤቴ ናቸው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አላቸው፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ አረፍ ማለት ልማዴ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው እንደ ብዙ የጅማና የአካባቢዋ ልጆች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ነገሩ የሆነው በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። ልጁ ከጓደኛው ጋር የበረዶ ሐይቅ ላይ ሲራመድ ከእግሩ ስር ከዳውና እስከ ደረቱ ገባ። ጓደኛው ገመድ ጥሎ አወጣው። ደህና ነው፤ ሁለት ቀን ብርድ ብርድ ሲለው ሰነበተ እንጂ ሌላ ጉዳት የለበትም።

የእናትየው ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። "በጥር መኪና ሲነዱበት በቪዲዮ አሳየኝ። ያንኑ ሐይቅ ነው የምልህ። አሁን ደግሞ በእግሬ ስሄድ ሰጠምኩ ይለኛል። ሳስቶ ነው ወይ ብለው፣ ኧረ ገና ስንዝር ተኩል ነው አለኝ። መኪና የቻለ በረዶ አንድ ሰው ያቅተዋል? የሆነ ነገር ደብቆኛል፤ እስኪ አንተ የፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ?"

ክፍል ውስጥ በዓመት ከምጠየቃቸው ጥያቄዎች እንዲህ አጥብቆ የያዘኝ ጥቂት ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ውፍረት በሚለካ ማስመሪያ የሚገኝ አይደለም።

አንድ ነገር ላስቀድም። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚጋገረውንም፣ ተራራ ላይ የሚቆለለውንም በጅምላ በረዶ እንላለን። እዚህ ግራ እንዳያጋባ፣ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውን አመዳይ እለዋለሁ፤ በረዶ ስል ውሃው ራሱ ሐይቁ ላይ የተጋገረውን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም ቦዬ ኩሬ ተጋግሮ፣ አዌቱ በረዶ ለብሶ ያየ ሰው የለም። ተማሪዎቼ የሚያውቁት የክረምቱን የቆርቆሮ ደብዳቢና የፍሪዘሩን ብቻ ነው። እኔም ብሆን ከዚያ ብዙ አልርቅም።

ከሚኒሶታ የመጣው ማስረጃ

ለልጁ በቴሌግራም ጥያቄ በጥያቄ ላክሁበት። መልሶቹ በድምፅ መጡ፣ ከአንድ ቪዲዮ ጋር።

ውፍረቱን በምን አወቅህ? ከወደቀበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ጓደኛው በክንዱ ለክቶታል። ስንዝር ተኩል፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቀለሙስ? በጥር ከላይ ነጭ ነበር፤ አሁን ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኗል። በላዩ አመዳይ ነበረ? ከቀለጠ ሳምንት አልፎታል። ሌሊቱ ይበርዳል? ካለፉት ሌሊቶች ብዙዎቹ ከዜሮ በላይ ነበሩ። ሲሰበር ድምፅ ሰማህ? ይህን ሲመልስ ትንሽ ዘገየ። "ምንም። በጥር ሐይቁ ሲጮህ ያስፈራል፣ እንደ መድፍ ነው። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ነው የከፈተኝ።" ሐይቁ መጀመሪያ የተጋገረበትን ቀን ታስታውሳለህ? ያስታውሳል፤ ያን ሌሊት አመዳይ ሲወርድ ከሥራ እየተመለሰ ነበር።

ቪዲዮው ከሁሉ በለጠ። ነፋስ ወደ ዳር የገፋው የበረዶ ክምር ይታያል። ልጁ በጓንት እጁ ድፎ ዳቦ የሚያህል ቁራጭ ያነሳና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ቁራጩ እንደ ብርጭቆ አልተሰበረም፤ ተበተነ። ጣት የሚያህሉ፣ እኩል እኩል የቆሙ ዘንጎች ሆኖ ረገፈ፤ ድምፁም ረከቦት ላይ ስኒ ሲነካካ እንደሚሰማው ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን በሻማ ይሰይሙታል። እኔ ግን ሳየው የመጣልኝ ጧፍ ነው፤ አንድ እስር ጧፍ ክሩ ሲፈታ። ከዚህ በኋላ የጧፍ በረዶ እለዋለሁ።

እናትየው ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አዩት። "ይሄ ታዲያ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነው የቆየው?" አሉ። ከዚያ በላይ የቀረበ ግምት እኔም አልነበረኝም።

ከዚያ በፊት ግን ሌሎቹን መልሶች ማስወገድ ነበረብኝ። ከሐይቁ ስር ምንጭ ወይም የወንዝ መግቢያ ካለ በረዶው እዚያ ብቻ ይሳሳል፤ ብዙ አደጋ የሚደርሰውም በዚህ ነው። እዚህ ግን የጉድጓዱ ጠርዝ ራሱ ስንዝር ተኩል ነው፣ ስለዚህ አያስኬድም። ሁለተኛው፣ በረዶው የነጭ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አመዳይ ሲከብድ በረዶውን ወደ ታች ይጫነዋል፣ በስንጥቁ ውሃ ይወጣል፣ አመዳዩን አርሶ ይጋገራል፤ የሚገኘው አየር የሞላው ደቃቅ ነጭ በረዶ ነው። ሐይቅ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ነጩን በግማሽ ነው የሚቆጥሩት፤ ስንዝር ነጭ እንደ ግማሽ ስንዝር ጥሩ። ነገር ግን በቪዲዮው ላይ ነጩ ቆዳ ቀልጦ አልቋል፣ የተረፈው የታችኛው ጥርት ያለ ክፍል ነው። የቆየ ስንጥቅም ቢሆን ዘንግ ዘንግ አያደርግም።

ለመኪናው ጉዳይ አንድ ስሌት ልጨምር። በረዶ የሚሸከመው ክብደት ከውፍረቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ አራት እጥፍ ነው። እዚያ አገር በተለምዶ የሚሰጠው ምክር ለእግረኛ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለትንሽ መኪና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ሒሳብ የልጁ በረዶ ሰው መሸከም ብቻ ሳይሆን መኪናም አያቅተውም ነበር። ግን ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይከተለዋል፦ አዲስ ጥርት ያለ በረዶ። ብዙ ሰው ቁጥሩን ይይዝና ቃሉን ይጥላል። ልጁም የጣለው እሱን ነው።

ስድስት ጎን ያለው እርሳስ

የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ነው። ሲጋገር እያንዳንዱ ሞለኪውል አራት ጎረቤቶቹን ይይዛል፤ በርናልና ፋውለር የተባሉ ሳይንቲስቶች የአያያዙን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1933 አስቀምጠውታል። ከዚህ አያያዝ ባለ ስድስት ጎን ቀለበቶች ይወጣሉ፣ ቀለበቶቹ ንጣፍ ይሆናሉ፣ ንጣፎቹ ይደራረባሉ። መሃሉ ክፍት ስለሆነ ውሃ ሲጋገር 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ለዚህ ነው በረዶ የሚንሳፈፈው። ሐይቅም ከላይ ወደ ታች የሚጋገረው በዚሁና ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ነው። ይህ በመማሪያ መጽሐፍ አለ።

በመማሪያ መጽሐፍ የሌለው፣ ክሪስታሉ በየትኛው በኩል ዞሮ ተቀመጠ የሚለው ነው።

ለተማሪዎቼ ያሳየሁት በተራ ባለ ስድስት ጎን እርሳስ ነው። የእርሳሱን ልብ፣ የሚጽፈውን ጥቁሩን፣ የክሪስታሉ መሃል መስመር በሉት። ክሪስታሉ ውሃ ውስጥ ሲያድግ በልቡ አቅጣጫ ይዘገያል፤ ወደ ጎኖቹ ይፈጥናል። አሁን ጸጥ ያለ፣ አመዳይ ያልነካው ሐይቅ አስቡ። መጀመሪያ የሚፈጠሩት ክሪስታሎች እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ውሃው ላይ ተኝተው ይንሳፈፋሉ፣ ልባቸው ወደ ሰማይ ነው። እየሰፉ ይገናኛሉ፣ ከዚያ አብረው ወደ ታች ይወፍራሉ። እነዚህ ክሪስታሎች እጅግ ሰፋፊ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌሊቱን አመዳይ ከዘነበበት ግን ሌላ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ የአመዳይ ቅንጣት ዘር ይሆናል፣ ዘሮቹም ባገኙት አቅጣጫ ይወድቃሉ፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተጋድሞ፣ አንዱ ዘምሞ። ከዚያ ወደ ታች እሽቅድድም ይጀመራል። ልቡ የተጋደመው ክሪስታል ፈጣን ጎኑ ወደ ታች ስለሚያይ ይቀድማል፤ የቀሩትን ከጎን እየዘጋ ያስቀራቸዋል። ጥቂት ጣት ወደ ታች ሲወረድ የሚገኙት አሸናፊዎቹ ብቻ ናቸው፦ ከላይ እስከ ታች የተሳቡ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ምሰሶዎች። ሚሼልና ራምሳየር የተባሉ የበረዶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 የሐይቅና የወንዝ በረዶን ሲመድቡ እነዚህን ሁለቱን ለይተው አስቀምጠዋቸዋል። የልጁ ዘንጎች የጣት ያህል መቅጠናቸውና የመጀመሪያው ሌሊት አመዳይ መዝነቡ ሁለቱም ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይጠቁማሉ።

ሌላው ባሕርይ ደግሞ ይሄ ነው፦ በረዶ ሲያድግ ባዕድ ነገር አይቀበልም። በውሃው ውስጥ ያለውን ጨውና እድፍ ከፊቱ እየገፋ ይሄዳል። ከፊሉ ወደ ታች ውሃ ይወርዳል፣ ከፊሉ ግን በሁለት ምሰሶዎች መካከል ድንበሩ ላይ ተይዞ ይቀራል። ጨው ያለበት ቦታ ደግሞ ከንጹሕ በረዶ ትንሽ ቀድሞ ይቀልጣል።

ይህን ሁሉ ለእናትየው በወረቀት አስረዳኋቸው። ሰሙኝ። ከዚያ "ሥዕል ነው ይሄ" አሉ።

በጁስ ቤቱ ፍሪዘር

ፍሪዘሩን ለሦስት ቀን እንዲያውሱኝ ጠየቅሁ። ማንጎና አቮካዶው በአንድ ጥግ ተከመረና ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ገባ። ተራ ሳፋ ፍሪዘር ውስጥ ከየአቅጣጫው ስለሚጋገር ሐይቅን አይመስልም፤ ስለዚህ ጎኑንና ስሩን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልዬ አፉን ብቻ ክፍት ተውኩ። አንዱን ሳፋ የፈላ፣ ቀዝቅዞ ያደረ ውሃ ሞልቼ ማንም እንዳይነካው አደረግሁ። ሌላው ላይ መቀዝቀዝ ሲጀምር ከፍሪዘሩ ግድግዳ የፈቀፈቅሁትን ውርጭ በተንኩበት። አመዳዬ እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሌሊት መብራት ሄደ፤ ጠዋት ያገኘሁት ግማሽ የሟሟ ዝቃጭ ነው። ሁለተኛውን ስጀምር እናትየው ከቡናው ተነሱ። "ባዕድ ነገር ይገፋል አላልክም? እንየው እንግዲህ" ብለው ከጀበናው የቀረውን በረካ አጥልለው ውርጭ ወደተነሰነሰበት ሳፋ አንድ ስኒ ጨመሩ። ይህ የእሳቸው ሐሳብ ነው፤ ከእኔም ይሻላል።

ውሃው አራት ጣት ያህል ሲጋገር፣ ስሩ ገና ውሃ እያለ አወጣነው። ከበረዶው ስር የቀረው ውሃ ካፈሰሱት በረካ ጠቁሯል። በረዶው ግን ንጹሕ ብርጭቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት ብቻ ቡናማ ክሮች ከላይ ወደ ታች ተሰድረው ይታያሉ፣ እንደ ቀጭን ስፌት። እናትየው በጥፍራቸው አንዱን ክር ተከተሉት። "ቡናው ድንበር ላይ ነው የቀረው" አሉ። በወረቀት ያልገባው ነገር እዚህ ላይ ገባ።

እኔ ደግሞ የክሪስታሎቹን አቅጣጫ ማየት ፈለግሁ። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የላፕቶፕ ስክሪን የሚያወጣው ብርሃን ፖላራይዝድ ነው፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል፤ ከአንድ ሾፌር ጓደኛዬ ፖላራይዝድ መነጽር ተዋስኩና ነጭ ስክሪን ፊት ጨለማ እስኪሆን አዞርኩት። መሃል ላይ ስስ የበረዶ ቁራጭ ሲገባ፣ ልቡ ወደ እኛ የቆመ ክሪስታል ብርሃኑን ስለማይለውጠው እንደጨለመ ይቀራል። ልቡ የተጋደመ ግን ሲያዞሩት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል።

መጀመሪያ ያየሁት ቀለም ግሩም ነበር። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ፎቶ አንስቼ ለተማሪዎቼ ልኬ ሳበቃ ነው ቁራጩ ተንሸራቶ ሲወድቅ ቀለሙ እዚያው መቅረቱን ያስተዋልኩት። ቀለሙ በረዶውን የያዝኩበት የፌስታል ነበር፤ የተወጠረ ፕላስቲክ ራሱ እንዲህ ያደርጋል። ማስተባበያ ላክሁ። ተማሪዎቼ እስካሁን ይስቁብኛል።

በመስታወት ተክቼ፣ ቁራጩንም የሞቀ ውሃ በያዘ ድስት ስር እያሸሁ እንደ ካርቶን ሳሳሁት። የቡናው ሳፋ ቁራጭ እንደ ተጣጣፈ ጨርቅ ታየ፦ እያንዳንዱ ጣፍ በየራሱ ተራ ይበራል፣ ይጠፋል። ያልተነካው ሳፋ ቁራጭ ደግሞ ገሚሱ ሰፊ ጣፎች ሆኖ ሳዞረውም እንደጨለመ ቀረ። ሌላው ገሚስ ግን ድብልቅልቅ ነው፤ የፍሪዘሩ ነፋስ ወይም የእኔው ክዳን መክፈት ሳይረብሸው አልቀረም። ተፈጥሮን በጁስ ቤት መምሰል እስከዚህ ድረስ ነው።

ፀሐይ ላይ

ዋናው ሙከራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከቡናው በረዶ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱ ፍሪዘር ውስጥ ቆየ። ሌላው ላቡ እስኪወጣ፣ ማለትም መላው ዜሮ ዲግሪ እስኪደርስ ከቆየ በኋላ የስታይሮፎም ካርቶን ውስጥ ገብቶ በመስታወት ተከድኖ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። የካርቶኑ ሥራ የጅማን ሞቃት አየር ከልክሎ ብርሃኑን ብቻ ማስገባት ነው። ሚኒሶታ ላይም በጸደይ የሚሆነው ይሄው ነው፦ ብርሃን የሚመልሰው ነጩ አመዳይ ሲያልቅ ፀሐዩ ወደ ጥርት ያለው በረዶ ውስጥ ይገባል። በረዶው መላው ዜሮ ላይ ስለሆነ የሚገባው ሙቀት ሁሉ ለማቅለጥ ይውላል፣ ማቅለጡም ደካማው ቦታ ላይ ይጀምራል። ይኸውም ድንበሩ ነው።

ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ክሮቹ ጎሉ። ቀድሞ ፈልገን ያገኘናቸው መስመሮች አሁን ከሩቅ ይታያሉ። በማጉያ መነጽር ሳይ ደግሞ በአንዳንዱ ምሰሶ ሆድ ውስጥ ስድስት ቅጠል ያላቸው ደቃቅ የውሃ አበቦች ፈክተዋል፤ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1858 የገለጻቸው ናቸው። በእያንዳንዳቸው መሃል የምታበራ ባዶ ነጥብ አለች፤ ውሃው ከቀለጠበት በረዶ ያነሰ ቦታ ስለሚይዝ ነው።

ውፍረቱን ለካነው። ከሞላ ጎደል ያው አራት ጣት ነው። ከዚያ እናትየው በሻይ ማንኪያ ጀርባ ነካ አደረጉት። ረገፈ። አራት ጣት ቁመት ያላቸው ዘንጎች፣ እያንዳንዳቸው ንጹሕ፣ ቡናው በጎናቸው ላይ ብቻ። ከፍሪዘሩ ያወጣነው መንትያው በማንኪያ ቢመታ ምንም አልሆነም፤ በመዶሻ ስንለው ደግሞ ድንበሩን ሳይከተል እንደ ጠርሙስ ተሰባበረ። ውፍረታቸው እኩል፣ ውሃቸው አንድ፣ ልዩነታቸው ሃያ ደቂቃ ፀሐይ።

በጥር ሐይቁ አንድ ሳንቃ ነው። መኪና ሲቆምበት ይጎብጣል፣ ሸክሙን ወደ ሩቅ ያካፍላል፣ ሲጨነቅም ይጮኻል። በሚያዝያ ያው ውፍረት ያለው የጧፍ እስር ነው፤ ዘንጎቹን የሚያያይዛቸው የውሃ ሽፋን ብቻ ነው። ሰው ሲረግጠው አይጎብጥም፣ አይሰነጠቅም፣ ሸክሙንም ለማንም አያካፍልም፤ እግሩ ስር ያሉት ዘንጎች እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ልጁ ድምፅ ያልሰማው ለዚህ ነው። ስንዝር ተኩል ማለቱም ውሸት አልነበረም።

"እሺ፣ በዚህ አልዋሸኝም" አሉ እናትየው።

ተነስተው ግን አልሄዱም። ያልተነካው ሳፋ አሁንም ግቢው ውስጥ ነበር፣ ረስቼው። በረዶው ገና ወፍራም ነው፤ ከሳፋው ግድግዳ ግን ዙሪያውን ለቅቆ፣ በጣት ስፋት ውሃ ተከቦ እንደ ደሴት ይንሳፈፋል። ሳፋውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት፣ ደሴቷ ተወዛወዘች።

"የእነሱም ሐይቅ እንዲህ ዳር ዳሩን ነው ቀድሞ የሚለቀው?"

አዎ አልኩ፤ ዳሩ ጥልቀት የለውም፣ መሬቱም ቶሎ ይሞቃል።

"ታዲያ ልጄ ወደ መሃል በምን ተሻገረ?"

ይህን አልጠየቅሁትም ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን፣ እናትየው ራሳቸው በድምፅ ላኩለት። መልሱ ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

"እማ… ሳንቃ ነበረ። ሁለት ሳንቃ ጥለን ነው የተሻገርነው። ወንበራችን ከክረምቱ ጀምሮ እዚያ ቀርቶ ነበር፤ ሳይሰጥም እናምጣው ብለን ነው።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና መልሰው አነሱት።

"ወንበሩስ?" ብለው ላኩ።